ሲኖትራክ 371 አቀበት ላይ አቅም ያጣል፤ ፓምፑን ላስወርድ ወይስ ሌላ ነገር ልፈልግ? (አዳማ)

ባለ371 — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ሲኖትራክ 371 ነው፤ ኮመን ሬል (ናፍጣው በኮምፒውተር ትእዛዝ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭበት አዲሱ ዓይነት) ያልሆነው፣ ባለ አሮጌው ፓምፕ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ገጠመኝ። ከአዳማ ማዳበሪያ ጭኜ ወደ አሰላ ስወጣ፣ ዴራን አልፌ አቀበቱ ሲበረታ ሞተሩ ቀስ በቀስ ይደክማል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ዙሩ ከ1,400 አያልፍም። ማርሽ እየቀነስኩ እየቀነስኩ በመጨረሻ ከእግረኛ እኩል እሄዳለሁ። ዳር ይዤ አቆምና በእጅ ፓምፑ ናፍጣ ስቤ ስነሳ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ከዚያ አሥር ወይም አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ሄጄ እንደገና።

እስካሁን ሁለቱንም ፊልትሮዎች ቀይሬያለሁ። የእጅ ፓምፑ ያለበትን ትንሹን ሳቢ ፓምፕም በአዲስ ቀይሬያለሁ። ለውጥ የለም። መካኒኬ አሁን «ትልቁ ፓምፕ ወርዶ ይታደስ» ይላል። የጠየቁኝ ገንዘብ ከአንድ ወር ገቢዬ በላይ ነው። ከመክፈሌ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ።

መሪ_ጨባጭ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25
ፓምፑ ነው፤ አትድከም። የእኔም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር፤ አስወርጄ አሳደስኩት፣ ተገላገልኩ።

ባለንብረቷ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41
ወንድሜ መሪ ጨባጭ፣ የእርስዎ መኪናም ቆሞ ሲነሳ ይድን ነበር? የታመመ ፓምፕ ቆሞ ስላረፈ አይድንም መሰለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ሁለት የጭነት መኪና አለኝ፣ ስለዚህ ደረሰኝ ማንበብ ግን እችላለሁ። አንዱ መኪናዬ ላይ ሦስት ዕቃ ተቀይሮ፣ ጥፋቱ አራተኛው ሆኖ ተገኝቷል። የሦስቱን ገንዘብ የመለሰልኝ የለም።

መሪ_ጨባጭ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50
የእኔ ቆሞም አይድንም ነበር፤ እውነት ነው። ያን አላሰብኩትም።

የፓምፕ_ቤቱ_ሽማግሌ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30
ልጄ፣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። እኔ ፓምፕ እያደስኩ ነው ያረጀሁት፤ ብታመጣልኝ ገቢዬ ነው። ነገር ግን አሁን የጻፍከውን ሳነብ ፓምፕህን የምጠረጥርበት ምክንያት አላየሁም። መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ መልስልኝ።

አንደኛ፣ አቅም ሲያጣ በጭስ ማውጫው ምን ይወጣል? ጥቁር ጭስ ከሆነ ናፍጣ አለ፣ አየር ነው የጠፋው፤ ቱርቦውንና የአየር ፊልትሮውን ትመለከታለህ። ጭስ ሳይኖር የሚደክም ከሆነ ሞተሩ የራበው ናፍጣ ነው።

ሁለተኛ፣ ስታቆም የእጅ ፓምፑ ለስላሳ ነው ወይስ ወዲያው ይጠጥራል?

ሦስተኛ፣ ሦስቱም ጊዜ ታንኩ ውስጥ ምን ያህል ናፍጣ ነበር? ከየትስ ነው የቀዳኸው?

ባለ371 — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጭስ የለም፤ እንዲያውም ከወትሮው ንጹሕ ነው። የእጅ ፓምፑን ስመታው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለስልሶ ወዲያው ይጠጥራል፤ ስለዚህ ብዙ አየር የገባ አይመስልም። ናፍጣውን በተመለከተ አንዴ ሙሉ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ከግማሽ በታች። ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም አንዳንዴ በጀሪካን እሞላለሁ፤ ልዋሽዎ አልችልም።

አዋሽ_ሚሌ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05
የጀሪካን ናፍጣ ካልክማ ነገሩ አለቀ፤ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል። እኔ የጂቡቲ መስመር ሠራተኛ ነኝ። ከአዳማ ተነስቼ ወለንጪቲንና መተሃራን አልፌ አዋሽ ስደርስ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል። የቀጠነ ናፍጣ ባረጀ ሳቢ ፓምፕ ውስጥ ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ደግሞ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው፣ ማለስለሻነቱም ያነሰ ነው፤ ፓምፑን ይበላዋል።

የፓምፕ_ቤቱ_ሽማግሌ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20
አዋሽ ሚሌ፣ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው፤ ለዚህ መኪና ግን አይደለም። እርሱ ወደ ሙቀት እየወረደ አይደለም፤ ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላ ብርድ እየወጣ ነው። ሳቢ ፓምፑም አዲስ ነው። የነጭ ጋዙ ጉዳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚበላ እንጂ አሥር ደቂቃ ቆሞ የሚድን አይደለም።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ጭስ የለም፣ ስለዚህ ናፍጣ አጥሯል። የት እንዳጠረ ግን በዓይን አይታይም፤ በመለኪያ እንጂ። በዚህ መኪና ላይ ናፍጣው የሚሄድበትን መንገድ በሁለት ክፈለው። ከታንኩ እስከ ሳቢው ፓምፕ ድረስ መሳብ ነው። ከሳቢው ፓምፕ እስከ ትልቁ ፓምፕ ድረስ መግፋት ነው። ሰዎች ግፊት ሲሉ የሚያስቡት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከአሥሩ በሽታ ስምንቱን ያየሁት ግን በመጀመሪያው ነው።

ነገ የግፊት መለኪያ በፊልትሮውና በትልቁ ፓምፕ መካከል አስገባ፤ ባለ ቀዳዳው ቡሎን ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) የሚሠራልህ ቶርኖ ቤት አታጣም። ጎማውን አርዝመህ መለኪያውን ከመስታወቱ ውጭ በፕላስተር እሰረው። ጋቢና ውስጥ እንዳታስገባው፤ ጎማው ቢፈነዳ ናፍጣው ፊትህ ላይ ነው። ጭነህ ውጣና የሚያሳየውን ረዳትህ ይጻፈው።

አይሱዙ_ወንጂ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡33
ጋሼ፣ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የእኔ አይሱዙ ኤንፒአር ኮመን ሬል ነው። ኮምፒውተር ሲነበብ ፒ0087 ይላል። ሲሞቅ ማስነሳት ያስቸግራል፣ አቀበት ላይም ይቆረጣል። ይህ መለኪያ ለእኔም ይሠራል?

የሐዋሳው_ቴክኒሻን — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡58
አይሱዙ ወንጂ፣ ጋሼን ልቅደማቸውና የእርስዎን እኔ ልመልስ፤ በየቀኑ የምሠራው እርሱን ስለሆነ።

ፒ0087 ማለት የሬሉ፣ ማለትም ናፍጣው ተጨምቆ የሚጠራቀምበት ቱቦ፣ ግፊት ኮምፒውተሩ ከጠየቀው በታች ነው ማለት ብቻ ነው። የተበላሸውን ዕቃ ስም አይነግርም። ብዙ ሰው ኮዱን አይቶ የሬሉን ሴንሰር ይቀይራል፤ ሴንሰሩ ግን መጥፎ ዜና ያመጣ መልእክተኛ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይክፈቱ፤ የተፈለገው ግፊትና ያለው ግፊት። ሚኒሞ ላይ (ፔዳሉ ሳይረገጥ) በመቶዎች ባር፣ ሲጫን ከ1,000 ባር በላይ ይጠይቃል። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩት መቼ ነው? ሚኒሞ ላይም ከተለያዩ አንድ ነገር፣ ሲጫን ብቻ ከተለያዩ ሌላ ነገር ነው።

ሲጫን ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ዝቅተኛውን ክፍል፣ ማለትም ጋሼ የሚሉትን የመሳቢያ መንገድ ይመርምሩ። ሞተሩ ሲሞቅ ለመነሳት የሚያስቸግር ከሆነ ግን እኔ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች አዘነብላለሁ። የመመለሻ ቱቦዎቻቸውን ነቅለው አራት ተመሳሳይ ጠርሙስ ያገናኙ፣ ሚኒሞ ላይ ለተወሰነ ደቂቃ ያስሠሩት፣ ከዚያ ያነጻጽሩ። ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ የሞላው ጠርሙስ ግፊቱን እየሰረቀ ያለውን ይነግርዎታል። ያ ሁሉ ደህና ከሆነ በከፍተኛው ፓምፕ ላይ ያለውን የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይመልከቱ፤ በቆሻሻ ናፍጣ ይጣበቃል።

ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በቀልድ አይውሰዱት። በአሮጌው ፓምፕ ጊዜ አየር ለማውጣት ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቱቦ ማላላት የተለመደ ነበር። በኮመን ሬል ይህ ክልክል ነው። ፍሳሽ ለመፈለግም እጅዎን እንዳያስጠጉ፤ ካርቶን ይጠቀሙ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ይመስላል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ካልደረሰ ግን እጅ ያስቆርጣል።

አይሱዙ_ወንጂ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10
ጠርሙሶቹን ቅዳሜ እሞክራለሁ። ሴንሰሩን ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ፤ ስለዚያ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ባለ371 — ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡15
ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግሁ። ረዳቴ የጻፈው ይኸውና። ቆሞ ሚኒሞ ላይ 1.5 ባር። ቆሞ ዙር ስሰጠው 1.7። ከሶደሬ መገንጠያ እስከ ዴራ ባለው መንገድ 1.4 አካባቢ። አቀበቱ ላይ 1.2፣ ከዚያ 0.9፣ አቅም ሲያጣ 0.4። ሳቆምና እንደገና ስነሳ 1.5 ላይ ተመለሰ። የእጅ ፓምፑን ሳልነካውም ተመለሰ! ረስቼው ነው የተነሳሁት።

የፓምፕ_ቤቱ_ሽማግሌ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡00
መርሳትህ ጠቀመን። ሲያድንህ የነበረው የእጅ ፓምፑ አይደለም፤ መቆምህ ነው። ይህን ልብ በል።

ትልቁ ፓምፕ ደጃፉ ላይ የሚደርሰው ናፍጣ 0.4 ሲሆን ምን አድርግ ነው የሚባለው? የራሱን ድርሻ አላገኘም። ሲያገኝ ደግሞ ይሠራል። ስለዚህ እርሱን ተወው። አሁን የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ፊልትሮው፣ ትርፉ ናፍጣ ወደ ታንኩ በሚመለስበት መመለሻ ላይ ያለው ቫልቭ፣ የመሳቢያው መንገድ። ፊልትሮው አዲስ ነው፣ በማቆም አይጸዳም። የመመለሻው ቫልቭ ስፕሪንጉ ቢደክም ኖሮ ሚኒሞ ላይም ግፊቱ ይወርድ ነበር፤ አንተ ጋ 1.5 ነው። የቀረን መሳቢያው ነው።

አዋሽ_ሚሌ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡20
የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኖ ይሆናል። ክዳኑን ከፍቶ ሲተነፍስ ፉጨት ይሰማል።

ባለ371 — ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡31
መካኒኬ ይህን ከመጀመሪያው አስቦት ነበር። ክዳኑን አላልቼ ጨርቅ አስሬበት ወጥቻለሁ፤ ያው ነው።

ሌላም ሞክሬያለሁ። ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ከጋቢናው ጀርባ ከፍ አድርጌ አስሬ፣ ጎማውን በቀጥታ ከሳቢው ፓምፕ ጋር አገናኘሁት። እስከ ኢተያ ድረስ እንደ አዲስ መኪና ወጣ። ስለዚህ ችግሩ ታንኩ ውስጥ ነው አይደል?

የፓምፕ_ቤቱ_ሽማግሌ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15
ገና ነው። ጀሪካኑን ከፍ አድርገህ ስታስር ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ፓምፑ መሳብ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ጎማህ ላይ ያለ ቀዳዳ አየር ማስገባቱን ትቶ ጠብታ ማውጣት ይጀምራል፤ አንተ ግን «ዳነ» ትላለህ። ያ ሙከራ የሚነግርህ ጥፋቱ ከሳቢው ፓምፕ በፊት እንደሆነ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ግን ታንክ፣ ጎማና የውኃ መለያው አሁንም ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሙከራው እንዲታመን ጀሪካኑ ከታንኩ ወለል እኩል ዝቅ ማለት ነበረበት።

አሁን የምትፈልገው የግፊት መለኪያ ሳይሆን የመሳብ መለኪያ ነው። የመሳቢያ መንገድ በሁለት ነገር ይታመማል። ወይ አየር ይገባበታል፣ ወይ ይታነቃል። ሁለቱም አቅም ያሳጣሉ፤ መለኪያው ላይ ግን ተቃራኒ ናቸው። አየር የሚገባበት ከሆነ መለኪያው ብዙም አይስብም፣ ግልጽ ጎማ ብታስገባ አረፋ ታያለህ። የታነቀ ከሆነ ፓምፑ ይስባል፣ ይስባል፣ አይመጣለትም፤ መለኪያው ወደ ታች ይሄዳል፣ አረፋው ግን ጥቂት ነው።

ባለንብረቷ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40
ጋሼ፣ የመሳብ መለኪያ አዳማ ውስጥ ከየት ይገኛል? መካኒኮቼ ያላቸው የጎማ ንፋስ መለኪያ ብቻ ነው።

የፓምፕ_ቤቱ_ሽማግሌ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡55
ልጄ፣ ፍሪጅ ጠጋኞች ጋ። ሰማያዊው መለኪያቸው ከዜሮ በታችም ያነባል፤ በኢንች ሜርኩሪ ነው የተጻፈበት። 30 ኢንች ማለት በባሕር ወለል ላይ ፍጹም ባዶ ማለት ነው። ናፍጣው ወደ መለኪያው እንዳይገባባቸው በመካከል ረጅም ግልጽ ጎማ አድርጉና ወደ ላይ ስቀሉት፤ ካበላሻችሁባቸው ሁለተኛ አያውሱም።

የሐዋሳው_ቴክኒሻን — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20
ጋሼ ካሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፓምፕ ናፍጣን አይጎትትም፤ እርሱ ቦታውን ባዶ ያደርጋል፣ ናፍጣውን የሚገፋው ታንኩ ላይ ያለው የከባቢ አየር ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያላነሰ ስለሆነ አየሩ የሚገፋው በ0.83 ባር ገደማ ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር ያልራቀ ስለሆነ ወደ 0.76 ይወርዳል። ጂቡቲ ወደብ ላይ የማይታወቅ ትንሽ መታነቅ አሰላ መንገድ ላይ የሚገለጠው ለዚህም ጭምር ነው። በመመሪያዎች ላይ የሚፈቀደው የመሳብ ልክ እንደ ሞተሩ ቢለያይም፣ ከ10 ኢንች ሲያልፍ እኔ መንገዱን እፈታለሁ።

መሪ_ጨባጭ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡34
ይህን ሁሉ ዓመት ስነዳ ናፍጣን አየር ይገፋዋል ያለኝ ሰው የለም። ሚስቴን አስነስቼ ነገርኳት፤ «ተኛ» አለችኝ።

ባለ371 — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡05
የፍሪጅ ጠጋኙ በመታወቂያ አስይዞኝ መለኪያውን ሰጠኝ። ውጤቱ ይኸውና።

በውኃ መለያውና በሳቢው ፓምፕ መካከል፣ ሚኒሞ ላይ 3 ኢንች። አቀበት ላይ አቅም ሲያጣ 16 ኢንች! ስቆም መርፌው ከ16 ወደ ዜሮ ዘልሎ ተመለሰ። በግልጹ ጎማ ውስጥ አረፋ የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ መለኪያውን ከውኃ መለያው በፊት፣ በታንኩ በኩል አስገባሁት። ሁለተኛ ዙር ወጣሁ፤ 15 ኢንች። ስለዚህ የውኃ መለያው ነጻ ነው፣ ከእርሱ በፊት ነው። ጎማውን ከታንኩ ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ ከኮምፕረሰር በቀስታ ንፋስ ወደ ታንኩ ሰደድኩ፤ ያለምንም መሰናክል ቡልቅ ቡልቅ አለ። በውስጡ ጥርቅም ካለ እንዴት ንፋሱ አለፈ? እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። ጎማውንም አየሁት፤ ውስጡ አልተላጠም።

የፓምፕ_ቤቱ_ሽማግሌ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00
ደረስክበት፣ ግን አላየኸውም። በር ወደ ውስጥ ስትስበው የሚዘጋ ከሆነ፣ ከውስጥ ስትገፋው ይከፈታል። ንፋሱ ያለፈው የሚያንቀው ነገር የሚንሳፈፍ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ሲስብ ሄዶ አፉ ላይ ይለጠፋል። ስታቆም መሳቡ ይቀራል፣ ይወድቃል። ስትነሳ ለጥቂት ጊዜ ዳር ይቆያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። አሥር ወይም አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያልከው ይኸው ነው። አቀበት ላይ የሚብሰው ደግሞ ሲጫን ብዙ ናፍጣ ስለሚሳብ ነው።

የመሳቢያውን ቱቦ ከታንኩ አውጣ። ውስጡን በባትሪ መብራት ተመልከት። ክብሪት ወይም ላይተር የሚያቀርብ ሰው ካየህ ከጋራዡ አስወጣው። የተገኘውን ጻፍልን፤ እኔ ግምቴን ለራሴ ይዣለሁ።

አዋሽ_ሚሌ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡12
እኔ ጨርቅ እላለሁ። ረዳቶች ክዳኑ ሲጠፋ ጨርቅ ይወትፉበታል።

ባለንብረቷ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡20
እኔ ፌስታል። ጀሪካን ተሞልቶ ሲመጣ በክዳኑ ሥር ምን እንደሚደረግ ቤት ውስጥ ዘይት የምንቀዳ ሴቶች እናውቃለን።

አወያይ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡45
ውርርድ እዚህ መድረክ ላይ አይፈቀድም። (እኔም ፌስታል ነው የምለው።)

ባለ371 — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡30
ፌስታል ነው።

ሁለት ቁራጭ። አንዱ የእጅ መዳፍ ያህላል፣ ጥቁር፣ ክብ የጀሪካን አፍ ቅርጽ ያለበት። ሌላው ትንሽ ነው። ከታንኩ ሥር ደግሞ አንድ ብርጭቆ የሚሆን ዝቃጭና ውኃ ወጣ። ጀሪካኑ እንዳያፈስ ክዳኑ ሥር ፌስታል ይደረጋል፤ ክዳኑ ሲዞር ተቆርጦ ሲቀር፣ ስንገለብጠው ከናፍጣው ጋር ገባ። ማን እንደገለበጠው አልጠይቅም፤ ረዳቴ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል። እህቴ ባለንብረቷ፣ አሸንፈዋል።

ታንኩን አጥቤ ገጥሜ፣ ማታ ባዶውን እስከ ዴራ ሄጄ ተመለስኩ። ባዶ ስለሆነ ብዙ አይነግርም፤ ሰኞ ጭኜ እወጣለሁ።

ባለንብረቷ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡44
ረዳትዎን አይቆጡት። አዲሱን ሳቢ ፓምፕ ያስገዛዎት እርሱ አይደለም።

አይሱዙ_ወንጂ — እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡10
እኔም ፌስታል ይሆናል ብዬ ጓጉቼ ታንኬን ከፈትኩ፤ ንጹሕ ነው። ጠርሙሶቹን ሞከርኩ። የሦስተኛው ኢንጀክተር ጠርሙስ ሊሞላ ሲደርስ ሌሎቹ ከሩብ አላለፉም።

የሐዋሳው_ቴክኒሻን — እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡25
እንግዲያው እርስዎ ጋ ግፊቱ በመመለሻው እየፈሰሰ ነው። ሦስተኛውን አስወርደው በመፈተሻ ማሽን ያስፈትሹት፤ ሌሎቹንም አብረው ያስፈትሹ፣ ዕድሜያቸው አንድ ነውና። አዲስ ሲገጠም የኢንጀክተሩ ኮድ ወደ ኮምፒውተሩ መጻፍ እንዳለበት አይርሱ።

ባለ371 — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20
400 ኩንታል ጭኜ አሰላ ደረስኩ። አንዴም አልቆምኩም፤ ኢተያ ላይ ሻይ ለመጠጣት ካልሆነ። የመሳቡ መለኪያ አቀበት ላይ ከ5 ኢንች አላለፈም። የግፊቱ መለኪያ ከ1.3 በታች አልወረደም። አሮጌውን ሳቢ ፓምፕ ከመካኒኬ ተቀብዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ምንም አልሆነም ነበር። መካኒኬ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ የእጅ ዋጋውን ግማሽ መለሰልኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቶርኖ ቤቱ ሰውዬ በመሳቢያው ቱቦ አፍ ላይ ደቃቅ ወንፊት እበይድልሃለሁ ይላል። ላስደርገው?

መሪ_ጨባጭ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡31
አስደርገው፤ ምን ይጎዳል?

የፓምፕ_ቤቱ_ሽማግሌ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05
እንዴት አይጎዳም? ደቃቅ ወንፊት በዝቃጭ ይደፈናል፤ ከዚያ ብታቆምም የማይለቅህ ታንክ ይኖርሃል። ይህኛው ቢያንስ ስታቆም ይለቅህ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ናፍጣ የነበረበትን ታንክ ማንም ሰው አይበይድብህ። ባዶ ነው ብለው የበየዱት ታንክ ውስጥ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው፤ ናፍጣው አይደለም። ወንፊት ካማረህ ስትሞላ ተጠቀምበት፤ ታንኩ አፍ ላይ አስቀምጠህ በእርሱ ቅዳ። ጀሪካኑንም ከመገልበጥህ በፊት ክዳኑን ገልብጠህ እየው።

ባለ371 — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡12
ብየዳውን ትቼዋለሁ። ወንፊቱን ነገ ጠዋት ከገበያ እገዛለሁ፤ መለኪያውንም ለፍሪጅ ጠጋኙ እመልሳለሁ፤ መታወቂያዬ እርሱ ጋ ነው።

ባለንብረቷ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20
ከመመለስዎ በፊት ለአንድ ቀን ያውሱኝ። ሁለተኛው መኪናዬ ሞጆ መውጫ ላይ ይደክማል እያሉኝ ነው፤ ፓምፕ ሊያወርዱልኝ ተዘጋጅተዋል።